ያቆየሁት መርዶ

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለሚስቴ አልተናገርኩም፤ ለልጆቼ አልተናገርኩም፤ በየሁዳዴው ፊታቸው ተንበርክኬ ለምናዘዝላቸው ለነፍስ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም። ለሳቸው በደፈናው «ዋሽቻለሁ አባ» እላለሁ። እሳቸውም «ሰው ሆኖ የማይዋሽ ማን አለ ልጄ» ብለው አርባ ስግደት ይሰጡኛል። አርባውን ሰግጄ እነሣለሁ። ጉልበቴን ያመኛል እንጂ ልቤ አይቀለኝም። እንዴትስ ይቅለለኝ? ያልነገርኳቸውን ኃጢአት ከየት አምጥተው ይፍቱልኝ?

እንግዲህ እናንተ የማታውቁኝ ሰዎች ስሙኝ። መስቀል ባትይዙም እናንተ ፊት እናዘዛለሁ። እኔ መርዶ አቆይቻለሁ። የአንድ ልጅ እናት ሞታ፣ መሞቷን እያወቅሁ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ «ደህና ናት፣ ሰላም ብላሃለች» ስለው ኖሬያለሁ። ልጁ የወንድሜ ልጅ ነው። እኔ ቤት ያደገ፣ እኔን አያ እያለ የሚጠራ፣ የእኔን ቤት በትከሻው ተሸክሞ የሠራ ልጅ ነው። የአገሩ ሰው ሁሉ ወላጅ አልባ መሆኑን ሲያውቅ፣ ሳያውቅ የኖረው እሱ ብቻ ነበር።

ማሩ እባላለሁ። ጎንደር ማራኪ፣ ከዩኒቨርሲቲው ትንሽ ወረድ ብሎ፣ ለተማሪ የማከራያቸው ክፍሎች ያሉበት ግቢ አለኝ። ዛሬ እግሬ አብጦ ደጅ ላይ የምውል ሽማግሌ ነኝ እንጂ፣ በደህናው ጊዜ የጭነት ማኪና ሾፌር ነበርኩ። መስመሬ ከጎንደር ደባርቅ፣ ከደባርቅ ሽቅብ ስሜንን አቋርጦ ጃናሞራ፣ መካነ ብርሃን ነበር። ስኳርና ሳሙና፣ ቢራና ቆርቆሮ ጭኜ እወጣለሁ፤ ገብስና በግ ጭኜ እመለሳለሁ። ያን ጊዜ ስልክ እንደ ዛሬ በየሸንተረሩ አይጮህም ነበር። ስለዚህ የአገሩ መልእክት የሚሄደው በሾፌር አፍ ነበር። ማን ወለደ፣ ማን ታመመ፣ ማን በግ ሊሸጥ ፈለገ፣ ወሬው ሁሉ እኔ ጋ ነው። «የማሩ አፉ ከማኪናው ቀድሞ ይደርሳል» እያሉ ይቀልዱብኛል፤ እኔም ይህን እንደ ሹመት እቆጥረው ነበር።

ታላቅ ወንድሜ ጫኔ ከመካነ ብርሃን የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ በምትርቅ መንደር ገበሬ ነበር። ሲሞት ልጁ ፈንታሁን ስድስት ዓመቱ ነው። እናቱ እናኑ ሌላ ባል አላገባችም። ልጁ አሥራ አንድ ዓመት ሲሞላው እጁን ይዛ ማኪናዬ ድረስ አመጣችውና «አያ ማሩ፣ ትምርቱን ይማርልኝ። ሌላ አልልህም» አለችኝ። እኔም «እንደ ልጄ ነው የማሳድገው» አልኳት። በዚያች ሰዓት አልዋሸሁም፤ እንደዚያ ነበር ያሰብኩት።

እንደ ልጄ! ልጆቼ አልጋ ላይ ሲተኙ እሱ ዕቃ ቤት ውስጥ ከስሚንቶው ጆንያ አጠገብ ይተኛ ነበር። ልጆቼ ከትምህርት ቤት ሲመጡ መክሰስ ይቀርብላቸዋል፤ እሱ ሲመጣ ጀሪካን ይቀርብለታል። ውኃ ይቀዳል፣ ግቢ ይጠርጋል፣ የተማሪዎቹን ሽንት ቤት ያጥባል። አሥራ አራት ዓመት ሲሆነው ብሎኬት መምታት ጀመረ። ክፍል እየጨመርኩ ስለነበር ግንበኛ ብቻ ቀጥሬ፣ አሸዋ መንፋቱን፣ ማቡካቱን፣ ብሎኬት ማውጣቱን ለሱ ተውኩለት። ስሚንቶው እጁን በልቶት ጣቶቹ ተሰነጣጥቀው ነበር። ማታ ማታ ሲጽፍ የጣቱ ደም ደብተሩን ያበላሽበታል። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ሱቅ ሄዳችሁ ቅባት ግዙለት ማለት ምን ነበረበት? አላልኩም።

በየገበያው ቀን እናኑ ማኪናዬ የምትቆምበት ቦታ ቀድማኝ ትደርሳለች። በባዶ እግሯ ያን ሁሉ ቁልቁለት ወርዳ፣ በትንሽ ከረጢት በሶ ቋጥራ ትሰጠኛለች። «ልጄ ሸጋ ነው?» ትላለች። «ሸጋ ነው» እላታለሁ። እሱም ከዚህ ሳሙና ይልክላታል፣ የትምህርት ካርዱን ይልክላታል። ማንበብ አትችልም፤ ካርዱን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ በመዳፏ ስትዳብሰው ትቆይና መልሳ ትሰጠኛለች። በዓመት አንዴ ለጥምቀት ይዤው እሄዳለሁ። የቀረውን ጊዜ እናትና ልጅ የሚገናኙት በእኔ አፍ ነበር። አምስት ዓመት እንዲህ ተመላለስን።

ፈንታሁን አሥረኛ ክፍል ደርሶ፣ ለአገር አቀፉ ፈተና ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ መካነ ብርሃን ደርሼ ማኪናዬን ባቆም እናኑ የለችም። በቦታዋ ወንድሟ አያ ታከለ ቆሟል። ጋቢውን አዘቅዝቆ ለብሷል። ሳይናገር ገባኝ። ሦስት ቀን ሆዷን ሲያማት ከርሞ፣ በቃሬዛ ወደ ጤና ጣቢያ ሲያወርዷት መንገድ ላይ አረፈች። ማክሰኞ ቀበሯት። ከማኪናው ጥላ ሥር ተቀምጠን ሁለታችንም አለቀስን።

የአገራችን መርዶ ሥርዓት አለው። ጎህ ሲቀድ፣ ሰውየው እህል ሳይቀምስ፣ ከቤቱ ሳይወጣ፣ ሽማግሌና ዘመድ ሄዶ ነው የሚያረዳው። ሲወድቅ የሚይዘው፣ ሲያለቅስ የሚያለቅስለት ሰው በዙሪያው መኖር አለበት። እርጉዝ ከሆነች፣ ሕመምተኛ ከሆነ፣ ፈተና ላይ ያለ ከሆነ ደግሞ ይቆያል። ማቆየት ርኅራኄ ነው። አያ ታከለም ዕንባውን ጠርጎ እንደዚያው አለኝ፤ «ፈተናውን ይጨርስ። እንደጨረሰ አርዳውና ለአርባዋ ይዘኸው ና። ያለ ልጇ ተዝካሯ እንዳይወጣ።» እሺ አልኩት። ጎንደር ገብቼ ለሚስቴ ለስንዱም አልነገርኳት። ዕንባዋ ቅርብ ነው፤ ልጁን ባየች ቁጥር ልታለቅስ ነው ብዬ ፈራሁ። ልጁ «እናቴን አገኘሃት?» ሲለኝ «አገኘኋት፤ በርታ ብላሃለች» አልኩት። እስከዚህ ያለው ወግ ነው። ማንም ሰው ያደርገዋል። እስከዚህ ያለውን አልናዘዝም።

የምናዘዘው ከፈተናው ማግሥት ያለውን ነው።

ልጁ ፈተናውን ጨርሶ መጣ። ደብተሩን አስቀምጦ «አያ፣ አሁን እናቴ ዘንድ ሄጄ ልሰንብት» አለኝ። አርባዋ ሁለት ሳምንት ይቀረዋል። ግቢዬ ውስጥ አራት ክፍሎች ግድግዳቸው መስኮት ላይ ደርሶ ቆሟል። ሰኔ ገብቶ ሰማዩ መጥቆር ጀምሯል። ዝናቡ ሳይበረታ ቆርቆሮ ካልለበሱ ክረምቱን ሲደበደቡ ሊከርሙ ነው፤ በመስከረም የሚመጣው ተማሪ የሌላ ሰው ግቢ ሊገባ ነው። ልጁን ባረዳው ይሄዳል። ከሄደ አይመለስም፤ እዚያ መሬት አለው፣ የእናቱ በጎች አሉ። ብሎኬቱን ማን ይመታል? አሸዋውን ማን ይነፋል? ቆሜ ግድግዳውን አየሁ፤ ልጁን አየሁ። «ግድግዳው ይለቅና እነግረዋለሁ» አልኩ በሆዴ።

አፌ ግን ሌላ ተናገረ። «እናትህ፣ መንገዱ ጭቃ ነው፣ የአያህን ሥራ ሳትጨርስ እንዳትመጣ ብላለች» አልኩት። ልጁ «እሷ ካለች እሺ» ብሎ አካፋውን አነሣ።

በደሌ ይኸው ነው። መርዶ ማቆየቱ ብቻ አይደለም። የሞተች ሴት አፍ ውስጥ የራሴን ቃል ከተትኩ፤ ልጇን በእሷ ድምፅ አዘዝኩት። እኔ አድርግ ብለው ምናልባት እንቢ ይለኝ ነበር። እናቱን እንቢ እንደማይል አውቅ ነበር። አውቄ ነው ያደረግሁት።

ለአርባዋ ብቻዬን ሄድኩ። አያ ታከለ አንዱን የእርሻ በሬውን ሸጦ ተዝካሩን አውጥቷል። የሰኔ ጾም ስለነበር ሽሮና ምስር ነው የቀረበው። ሰዉ ሁሉ ከኋላዬ ልጁን ይፈልጋል። ምን ልበላቸው? አልነገርኩትም ብል ለምን ሊሉኝ ነው። ስለዚህ አያ ታከለን ወደ ጓሮ ወስጄ «ነግሬዋለሁ። ልጁ ከተማ ለምዷል፤ አልሄድም አለኝ» አልኩት። ሽማግሌው አንገቱን ደፋ። «የናቱን ተዝካር?» አለ ቀስ ብሎ። እኔ ወደ ዳሱ ተመልሼ እንጀራዬን በላሁ፤ ጠላዬን ጠጣሁ። አሁንም ድረስ የማይገባኝ እንጀራው በጉሮሮዬ እንዴት እንደወረደ ነው።

ግድግዳው አለቀ። አልነገርኩትም። ቆርቆሮ ለበሰ። አልነገርኩትም። ተለሰነ፣ ሊሾ ተደረገ፣ ተማሪዎቹ ገቡ። የፈተናው ውጤት መጣ፤ ለመሰናዶ የሚያበቃ ነበር። አሁን ሌላ አራት ክፍል ጀምሬ ነበርና «እናትህ፣ አንድ ዓመት አያህን አግዝና ትቀጥላለህ ብላለች» አልኩት። ወረቀቱን አራት ላይ አጥፎ ኪሱ ከተተው። ትምህርት ቤት ተመልሶ አልገባም። እናቱ ከእኔ የለመነችው አንድ ነገር ያ ብቻ ነበር፤ ያንንም በእሷ ስም ከለከልኩት።

ሰው ለማንኛውም ነገር ይለማመዳል። በየሳምንቱ ከመካነ ብርሃን ስመለስ ደጅ ላይ ይጠብቀኛል፤ እኔም መንገድ ላይ ያዘጋጀሁትን ሰላምታ እሰጠዋለሁ። ጉልበቷን ትንሽ አሟታል እለዋለሁ። ግንባረ ቦቃዋ በግ መንታ ወለደችላት እለዋለሁ። በጥምቀት ልሂድ ሲለኝ ጸበል ወርዳለች አልኩት፤ በሚቀጥለው ዓመት ቧሂት ተራራ ላይ መንገዱ ተበላሽቷል አልኩት። አንዳንዴ መሪውን ይዤ ሳወራ ለራሴም እውነት ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን የመንደሩን ሰው አራዳ ገበያ አይቶት ሊስመው ቢሮጥ ሰውየው ፊቱን አዙሮበት ሄደ። «አያ፣ ምነው እንዲህ አደረገኝ?» ብሎ ጠየቀኝ። ለገበያ ቸኩሎ ይሆናል አልኩት።

ሌላ ቀን ደግሞ ግቢ ውስጥ ስሚንቶ ሲያቦካ ብናኙ ዓይኑ ገብቶ ዕንባው ይወርዳል። ከተከራዮቹ አንዱ «ምን ሆነህ ታለቅሳለህ?» አለው። ፈንታሁን እየሣቀ፣ ሰው ሁሉ እንደሚለው፣ «እንኳን እናቴ ሞታ እንዲያውም አልቅስ አልቅስ ይለኛል» አለ። ተማሪዎቹ ሣቁ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። እንዳይነቃብኝ እኔም አብሬ ሣቅሁ። እስኪ ንገሩኝ፣ ከዚያ ወዲያ ምን ዓይነት ሰው ነኝ ልበል?

የክሩ ነገር ግን ከሁሉም ይብሳል።

በሁለተኛው ዓመት ክረምት፣ ግንበኞች ግድግዳ የሚያቀኑበትን ሲባጎ ቆርጦ አመጣልኝ። ለእናቱ ሽፍን ጫማ ሊገዛላት ፈልጓል፤ እግሯን ለክቼ እንዳመጣለት ነው። «ብርዱ ላይ በባዶ እግሯ መሄዷ ያንገበግበኛል» አለኝ። ተቀበልኩት። መካነ ብርሃን ደርሼ ክሩን ይዤ ማኪናው ውስጥ ብዙ ተቀመጥኩ። መንገዱ ዳር ሻይ የምታፈላ ሴት አለች፤ «እስኪ እግርሽን» አልኳት። እየሣቀች ዘረጋችልኝ። ጫማ ልትገዛልኝ ነው ወይ ብላ ቀለደችብኝ። ተረከዟ ላይ ይዤ እስከ አውራ ጣቷ ለካሁና ቋጠርኩት።

ፈንታሁን ክሩን መዳፉ ላይ ዘርግቶ አየው። «እናቴ ከስታለች ማለት ነው። እግሯ አንሷል። አትበላም እንዴ?» አለኝ። የእናቱን እግር ያውቀው ኖሯል። ያኔ ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር፤ እግዚአብሔር ምስክሬ ነው። ከፍቼ «ሰው ሲያረጅ እግሩ ያንሳል» አልኩት። እግሯ ያነሰው ስላልበላች ከሆነ ብሎ በማግሥቱ በጫማው ላይ ሁለት ኪሎ ስኳር ጨመረበት። ስኳሩን መንገድ ላይ ለለማኝ ሰጠሁ። ጫማው ውስጡ ጨርቅ ያለው፣ ጥቁር ነው። የማኪናው ወንበር ሥር ካለው የመፍቻ ሳጥን ውስጥ ከተትኩት። ሰላምታውን ደግሞ ይዤለት ተመለስኩ፤ «ልክ ነው የሆናት፤ መረቀችህ» አልኩት። ደስታው ፊቱ ላይ እስከ ዛሬ ይታየኛል።

የእናቱ ቤት የሳር ክዳን ነበር። ያፈስባታል ብሎ እሑድ እሑድ ሰው ግቢ ብሎኬት እየመታ፣ ቆርቆሮ አንድ ሁለት እያለ መሰብሰብ ጀመረ። ከክፍሎቹ ጀርባ ይደረድረዋል። ባለፍኩ ባገደምኩ ቁጥር አየዋለሁ። ክምሩ ሲያድግ ፍርሃቴም አብሮ ያድጋል። ዛሬ ልንገረው፣ ነገ ልንገረው፣ እያልኩ ሦስተኛው ዓመት ሞላ። ቆርቆሮው ሲበቃው ጫንልኝ አለኝ። ማኪናው ጎማ የለውም አልኩት። ቦታ የለም አልኩት። አንድ ሳምንት ወገቤን አሞኝ ስተኛ፣ ሊያስደስተኝ ፈልጎ ይሁን ላለማስቸገር ብሎ፣ ቆርቆሮውን በሌላ ሾፌር ማኪና ጭኖ ሄደ። ስንዱ ስትነግረኝ ከአልጋዬ ተነሥቼ እስከ አውራ መንገዱ ድረስ በነጠላ ጫማ ሮጥኩ። ማኪናው ከሄደ ቆይቷል።

የሆነውን በኋላ ነው የሰማሁት። ቆርቆሮውን በአህያ አስጭኖ ከመንደሩ ሲደርስ ቤቱ ወድቋል። የሳሩ ክዳን መሬት ላይ ተኝቶ በስብሷል። ሰዉ ተሰበሰበ፤ ሰላም የሚለው ጠፋ። አንዲት አሮጊት «ዛሬ መጣህ? ምነው ያኔ?» አለችው። ያኔ መቼ ነው አላት። እንዲህ ነው መርዶውን የሰማው፤ በጠራራ ፀሐይ፣ አህዮች መሀል ቆሞ፣ ዘመድ ሳይይዘው። አያ ታከለ ደርሶ «ለማሩ ያኔውኑ ነግሬዋለሁ፤ እሱ ግን ለልጁ ነግሬዋለሁ፣ አልሄድም አለኝ ብሎኛል» አለው። ልጁ ቆርቆሮውን እናቱ ለተቀበረችበት ቤተ ክርስቲያን ሰጥቶ ተመለሰ።

ግቢ ሲገባ አቧራ ለብሶ ነበር። አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀመጠና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ። «አያ፣ ታውቅ ነበር?»

ሦስት ዓመት ያልመጣልኝ ዕድል በእግሩ መጥቶ አልጋዬ ላይ ተቀመጠ። አዎ ማለት ብቻ ነበር። እኔ ግን «አላውቅም ነበር» አልኩት። በዚያም አላበቃሁም። «እሷንማ ካየኋት ቆየሁ፤ ገበያ ሲመጣ ሰላምታዋን የሚሰጠኝ ታከለ ነው። እግሯን በክሩ ለክቶ ያመጣልኝ፣ ጫማውንም ስኳሩንም የተቀበለኝ እሱ ነው። መሬቷን ማን እያረሰ ነው? በጎቿስ እነማን ጋ ናቸው? መሞቷን የሸሸገህ ለዚያ ነው» አልኩት። መሬቱን የሚያርሰው አያ ታከለ መሆኑ እውነት ነው፤ ጦሙን እንዳያድር ነው የሚያርሰው። እህሉን ለልጁ በጎተራ ለይቶ ያስቀምጥለት ነበር። ይህንንም አውቅ ነበር።

አመነኝ። ከእናቱ ወንድምና ካሳደገው ሰው ማንን ይመን? ስንዱ እሪ አለች፤ ጎረቤት ተጠራ፤ ምንጣፍ ተነጠፈ። እኔም አብሬው ለቅሶ ተቀመጥኩ። ሰው እየመጣ «እግዚአብሔር ያጥናችሁ» አለን። አለቀስኩ፤ ዕንባዬ የእውነት ዕንባ ነበር። ልጁ የእሱን ትቶ ትከሻዬን ይዞ «አያ፣ በቃህ፣ ታመሃል» ይለኝ ነበር።

ለቅሶው ሲያበቃ አይከል ከተማ ወርዶ ግንበኛ ሆነ። ዛሬ የራሱ ሠራተኞች አሉት፤ አግብቶ ወልዷል፤ ልጁን እናኑ ብሏታል። እኔን አልተወኝም። በየበዓሉ ይመጣል፤ ስንዱ ከሞተች ወዲህ ደግሞ ልጆቼ በየአገሩ ስለተበተኑ የሚጠይቀኝ እሱ ነው። አያ ታከለን ግን ተወው። ሽማግሌው ሁለት ጊዜ አማላጅ ልኮበት ነበር፤ አንዱን እኔው ግቢ ውስጥ ነው ፊት የነሣው። አጠገቡ ተቀምጬ ነበር፤ ዝም አልኩ። ባለፈው ዓመት አያ ታከለ ሲሞት ወሬው በስልክ ለእኔ መጣ። ለፈንታሁን ነገርኩት። «እናቴን የሸሸገ ሰው አልቀብርም» ብሎ የያዘውን ጉርሻ ጎረሰ። አንድ በሬውን ሸጦ እህቱን ያዘከረ ሰው፣ የእህቱ ልጅ አፈር ሳያለብሰው ተቀበረ። እኔ ዝም ብዬ ነው የዋልኩት። አያ ታከለን ሁለት ጊዜ ገደልኩት ማለት ነው፤ አንዴ በስሙ፣ አንዴ በቀብሩ።

ታዲያ ዛሬ ምን ያናዝዘኛል? ባለፈው እሑድ የሆነ ነገር ነው። ስኳር በሽታ እግሬን አሳብጦታል፤ ጫማ አልገባ ብሎኝ በላስቲክ ነጠላ ጫማ ነው የምውለው። ፈንታሁን መጣና አየኝ። ከፊቴ ተንበረከከ፤ ከኪሱ የግንበኛ ሲባጎ አወጣ። ተረከዜ ላይ ይዞ እስከ አውራ ጣቴ ለካኝና ቋጠረው። ቀና ብሎ «አያ፣ እግርህ እንዲህ እስኪሆን ምነው ሳትነግረኝ?» አለኝ። ስለ እግሬ ነው የጠየቀኝ፤ እኔ ግን ስለ እናቱ የጠየቀኝ መሰለኝ። ሰፊ ጫማ አሠርቼ በሚቀጥለው ቅዳሜ እመጣለሁ፣ አድሬ እሄዳለሁ ብሎኝ ሄደ።

ነገ ቅዳሜ ነው። ማኪናውን ከተውኩ ወዲህ ከአልጋዬ ሥር ጆንያ ውስጥ ያኖርኩትን የእናኑን ጫማ አውጥቼ አቧራውን ጠርጌዋለሁ። ማንም አላደረገውም፤ ሶሉ ገና አዲስ ነው። ለሁለት ሽማግሌ ጎረቤቶቼም «እሑድ ጎህ ሲቀድ መርዶ አለብኝ፤ አብራችሁኝ ሁኑ» ብያቸዋለሁ። ማን ሞተ አሉኝ። እናኑ፣ የፈንታሁን እናት አልኳቸው። እርስ በርስ ተያዩ፤ እሷማ ከሞተች ስንት ዘመኗ አሉኝ። እናንተ ብቻ ኑ፤ ልጁን ትይዙታላችሁ አልኳቸው።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ይቅርታው የእናንተ አይደለም። ከእሱም አልለምንም፤ ያን ዕዳ ደግሞ በላዩ ላይ አልጭንበትም። ቸግሮኝ ነው፣ ክረምት መጥቶብኝ ነው አልልም። ጫማውን አትገዛልኝ፣ ደጄን አትርገጥ ቢለኝ ይገባኛል። አያ ታከለ መቃብር ሄዶ ቢያለቅስ ግን ይበቃኛል። ከነገ ወዲያ፣ እህል ሳይቀምስ፣ ሽማግሌዎቹ ግራና ቀኙን ይዘውት ሲቀመጡ፣ ያኔ አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ የጠየቀኝን ጥያቄ እመልስለታለሁ።

አውቅ ነበር ፈንታሁን። አውቅ ነበር።